መጀመሪያ አወራረዱን ተዘጋጁበት

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ዱባይ ሥራ ላይ በነበርኩ ጊዜ ቤት ውስጥ በተሠራ ግድግዳ ላይ ስምንት ወር ያህል ዓለት መውጣት ተለማምጃለሁ። አሁን ዘጠኝ ሆነን በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ደሴ አካባቢ እውነተኛ ገደል ልንወጣ ነው። ሁለቱ ልምድ ያላቸው ናቸው። ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ገመዱ የሚያያዝበትን ብሎንም ዓለቱ ላይ ቀድመው የሚመቱት እነሱ ናቸው። የቀሩት ስድስቱ ገመድ ታስረው አያውቁም። ምን ልግዛ? ምን ልለማመድ? ከስድስቱ አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከፍታ ይፈራል፣ ግን ካልመጣሁ ብሏል። እሱንስ ምን ላድርገው?»

አብሽሪ እህቴ። ስምንት ወር ግድግዳ ላይ የቆየ ሰው ከዜሮ አይጀምርም። ቋጠሮ ታውቂያለሽ። ገመድ መያዝም ታውቂያለሽ። ግን ግድግዳው ያላስተማረሽ ነገር አለ፤ እሱ ላይ ነው ብዙ መቆየት የምፈልገው።

እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ልጅ ሆነን የጦሳን ተራራ በእግራችን እንወጣ ነበር። ገመድ የተማርኩት ግን ኬንያ፣ ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ባለው የሄልስ ጌት ፓርክ ነው። አሁን ጀማሪዎችን አሠለጥናለሁ። ከጀማሪ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ መውጣት ነው። ጣቴ ይችላል ወይ? ክንዴ ይዝላል ወይ? ጫማው የቱ ይሻላል? ስለ መውረድ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። በዓይኔ ያየኋቸው አስደንጋጭ ነገሮች ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ሲወረድ የሆኑ ናቸው።

አንዱን ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ገመዳችን 50 ሜትር ነበር። ገደሉ ወደ 27 ሜትር ይሆናል፣ ግን ማናችንም አልለካነውም። ጓደኛችን ጫፉ ላይ ደረሰ፣ ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ከታች ሆኜ ላወርደው ጀመርኩ። ዓይኔ እሱ ላይ ነው፤ እግሬ ሥር ያለውን ገመድ አላየሁም። ዳር የተቀመጠች አንዲት ልጅ «ገመዱ እያለቀ ነው!» ብላ ጮኸች። ዞር ብዬ ሳይ የቀረኝ ሁለት ክንድ አይሞላም። ጫፉ ላይ ቋጠሮ የለም። እሷ ባትጮህ ኖሮ ጫፉ ከእጄ ሾልኮ ይወጣ ነበር። ሰውየውም ከአራት አምስት ሜትር ከፍታ ድንጋይ ላይ ይወድቅ ነበር። እስከ ዛሬ ድምጿ ጆሮዬ ላይ አለ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ገመዱ ወጥቶ ይመለሳል። 60 ሜትር ገመድ ከ30 ሜትር በላይ ለሆነ ገደል አይሆንም። እኔ ለጀማሪ ቡድን ከ25 ሜትር በላይ አልፈቅድም። ገመድ በአጠቃቀም ብዛት ያጥራል፤ ጫፉ ተበልቶ የተቆረጠም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕቃው ላይ በተጻፈው አትተማመኚ። ከመሄዳችሁ በፊት ግቢ ውስጥ ዘርግታችሁ በሜትር ለኩት። መሐሉንም ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ነፃው ጫፍ ላይ ሁልጊዜ ወፍራም ቋጠሮ ይኑር። ሁልጊዜ ነው የምልሽ፤ ገደሉ አምስት ሜትር ቢሆንም። ቤት ውስጥ ባለው ግድግዳ ይህን የሚያስብልሽ ባለቤቱ ነበር፤ ገመዱ ለግድግዳው ተለክቶ ነው የተሰቀለው። እዚህ የሚያስበው የእናንተ ሰው ነው።

ሁለተኛው የመውረድ አደጋ ከገመድ እጥረት ይብሳል፣ ምክንያቱም የሚመጣው ከንግግር ነው። ሰው ጫፉ ላይ ሲደርስ የሚወርድበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ታች ያለው ገመድ ያዥ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። ሁለተኛ፣ ራሱ ገመዱን ላይ ባለው የብረት ቀለበት አሳልፎ በራሱ መሣሪያ ይወርዳል። ወጪው «ያወርደኛል» ብሎ አስቧል እንበል። ያዡ ደግሞ «ራሱ ይወርዳል» ብሎ ገመዱን ከመያዣ መሣሪያው አውጥቷል። ወጪው ገመዱን አምኖ ወደ ኋላ ሲደገፍ የያዘው የለም። ይህ በዓለም ላይ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ሳይቀር የገደለ ስህተት ነው። መድኃኒቱ እግር ከመሬት ከመነሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ላይ ስደርስ ታወርጂኛለሽ፣ ወይስ ራሴ እወርዳለሁ?» መልሱ በቃል ይነገር፤ ራስ መነቅነቅ አይበቃም።

በመጀመሪያው ቀን ለሁላችሁም መልሱ አንድ ይሁን፦ ያዡ ያወርዳል። ሌላ አማራጭ አይኑር። ላይ ያለውን ማሠሪያ ፈትቶ ዕቃ የሚያወርደው ከሁለቱ ልምድ ካላቸው አንዱ ነው። አንቺም ብትሆኚ በዚያ ቀን አትፍቺ። ገመዱን በቀለበት አሳልፎ መቋጠሩን መሬት ላይ ሆነሽ፣ ዛፍ ላይ በታሠረ ካራቢነር (የሚከፈትና የሚቆለፍ የብረት ማያያዣ) ተለማመጂው። በሌላ ጉዞ ትሠሪዋለሽ።

ስድስቱ ጀማሪዎች የሚወጡት ገመዱ ከላይ ተሰቅሎላቸው ነው፤ ቶፕ ሮፕ የሚባለው። ይህ ለኛ ሀገር ሰው ባዕድ አይደለም። ደብረ ዳሞ የወጣ ወንድ ያውቀዋል። ሰውየው በጠፍሩ ገመድ ይወጣል፣ ሌላው ገመድ ወገቡ ላይ ታስሮ መነኩሴው ከላይ ይስበዋል። የእናንተም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ያዡ ታች መሆኑ ነው። ብሎኖቹን እየተከተሉ ቀድመው የሚወጡት ሁለቱ ብቻ ይሁኑ። አንቺም ልብሽ እንደነሱ ገመዱን ብሎን ላይ እያያያዝሽ ቀድመሽ መውጣት እንደሚፈልግ ይገባኛል። በግድግዳ ብሎን በየሜትሩ አለ፤ ውጭ ግን ሊራራቅ ይችላል። ሁለት ሦስት ሜትር አልፈሽ ከወደቅሽ የምትወድቂው የዚያን እጥፍና ከዚያ በላይ ነው።

አሁን ስለ ቃላት። ይሄን ነገር በአማርኛ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝምና ልዘርዝረው። ጀማሪ ሲፈራ መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣው «ልቀቅ» ነው። ገመዱ ከብዶት ትንሽ ላላ እንዲልለት ፈልጎ «ልቀቅ!» ይላል። ያዡ ግን «አውርደኝ» ማለቱ ነው ብሎ ሊሰማ ይችላል፤ ከፋ ካለም ጨርሶ ይለቀዋል። «ያዝ» ደግሞ «ገመዱን ወጥር» ነው ወይስ «ቁም» ነው? አይታወቅም። ስለዚህ እኔ ሁለቱንም ቃላት ከቡድኔ አውጥቻቸዋለሁ። የምንጠቀመው አራት ብቻ ነው። «ላላ» ማለት ጥቂት ገመድ ስጠኝ። «ሳብ» ማለት የተዘረጋውን ሰብስበህ ወጥርልኝ። «አውርድ» ማለት አሁን ወደ ታች። «ድንጋይ!» ማለት የሆነ ነገር እየወደቀ ነው፤ የወደቀው ስልክም ቢሆን «ድንጋይ!» ነው። ሴት ከሆነች «ላላ»ው እንዳለ ይቆያል፣ ሌላው «ሳቢ»፣ «አውርጂ» ይሆናል።

ከቃሉ በፊት የያዡን ስም ጥሩ። ሁለት ገመድ ጎን ለጎን ሲሠራ «ሳብ!» የሚል ጩኸት የማን እንደሆነ አይለይም። ከዘጠኛችሁ ሁለቱ መሐመድ ከሆኑ ደግሞ ለአንዱ ቅጽል አውጡለት። «ድንጋይ!» ሲባል ቀና ብሎ የሚያይ ፊቱን ይሰጠዋል። ወደ ገደሉ ተጠግቶ ሄልሜቱን ወደ ላይ ማድረግ ነው። ይሄን ሁሉ አርብ ማታ ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ ተለማመዱት። ገደሉ ሥር ነፋስ አለ፣ ጭንቀት አለ፤ አዲስ ነገር የሚገባበት ሰዓት አይደለም።

ወደ ዓለቱ እንምጣ። የጻፍሽው «ደሴ አካባቢ» ብቻ ነው። የኛ አካባቢ ገደል የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ባሳልት ይባላል። ጠንካራው ባሳልት ለጣት ደስ ይላል። ችግሩ ግን አንድ ወጥ አይደለም። በጠንካራ ንብርብሮች መሐል የላላ፣ ቀላ ያለ፣ ውሃ የሚጠጣ ንብርብር አለ። ጠንካራውም ቢሆን በተፈጥሮው ተሰነጣጥቆ እንደ ምሰሶ ተደርድሯል። ከታች ሲታይ እንደ ግንብ ነው፤ ሲጎተት ግን አንዱ ምሰሶ ነቅሎ ሊመጣ ይችላል። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በክረምት የመሬት መንሸራተትና የድንጋይ ናዳ እንደሚያስቸግራት ደሴ ላደገ ሰው አይነገረውም። ያው ዓለት ነው የምትወጡት።

እንግዲህ ሁለቱን ልምድ ያላቸውን ከመስማማትሽ በፊት ጠይቂያቸው። አታፍሪ። ብሎን የሚመቱበትን ቦታ በመዶሻ አንኳኩተውታል? ጥሩ ዓለት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። የላላውን ድንጋይ ቀድመው አራግፈዋል? ብሎኑ ለዓለት መውጫ የተሠራ፣ 10 ወይም 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት ነው? ላይ ገመዱ የሚሰቀለው ቢያንስ በሁለት ብሎን ነው? ለአንዱም ቢሆን «ከግንባታ ዕቃ ሱቅ ነው የገዛነው» ካሉሽ፣ በዚያ ቅዳሜ ሐይቅ ሄዳችሁ ዓሣ ብሉ።

ከገደሉ ሥር ቤት፣ የእግር መንገድ ወይም ከብት የሚሰማራበት ካለ ቦታው አይሆንም። እናንተ ሄልሜት አድርጋችኋል፤ እረኛው ልጅ አላደረገም። ብሎን መምታት ማለት የሰው ቦታ መብሳት ነውና ለቀበሌውና ለባለ መሬቱ ቀድሞ መንገር የግድ ነው። መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መቃብር አጠገብ ከሆነ ጭራሽ አይሞከር። የአካባቢው ሽማግሌዎች ሌላም ነገር ይነግሯችኋል። ንብ ያለበትን ስንጥቅ ያውቃሉ። ዝንጀሮ የሚመላለስበትን ጫፍ ያውቃሉ፤ ዝንጀሮ ሲሮጥ ድንጋይ ያወርዳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በዚህ አገር አልፏል፤ የትኛው ኮረብታ ምሽግ እንደነበረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እንግዳ ብረት ካያችሁ አትንኩ፣ ለፖሊስ ተናገሩ። የመንገዱንም ደህንነት በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ወደ ኮምቦልቻ ባለው ቁልቁለት ቁልቋል ይበዛል። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉ ጉዳት ነው። ቁልቋል ተደግፋችሁ ገመድ አትያዙ።

የዕቃው ነገር ብዙ አያስጨንቅሽ። ገንዘብሽ ውስን ከሆነ በመጀመሪያ የራስሽን ሄልሜት ግዢ። ሀርነስ (ወገብና ጭን ላይ የሚታሠረው ቀበቶ) እና ጫማ መዋስ ይቻላል። የግንባታ ሄልሜት አይሆንም፤ ስትገለበጪ ከራስሽ ላይ ይወልቃል። ለዓለት መውጫ በተሠራው ላይ 12492 የሚል የጥራት ደረጃ ቁጥር ታገኛለሽ። ሀርነስ ላይ 12277፣ ገመድ ላይ 892 ነው። ቁጥሩ የሌለበትን ዕቃ ሰው በነፃ ቢሰጥሽም አትቀበዪ።

ገመድ ከፒያሳ ሱቅ እንዳይገዛ አደራ። ለጭነት ማሠሪያ የሚሸጠው ናይለን ገመድ መኪና ይጎትት ይሆናል፤ የሚወድቅ ሰው ለመያዝ ግን አልተሠራም። ለዚህ የተሠራው ገመድ ይለጠጣል፣ ጉልበቱን ቀስ አድርጎ ይውጣል። ለጥራት ደረጃው ሲፈተን በመጀመሪያው ውድቀት እስከ 40 በመቶ እንዲለጠጥ ይፈቀድለታል፤ ሰውየው ላይ የሚያርፈው ኃይልም ከ12 ኪሎኒውተን መብለጥ የለበትም። የማይለጠጥ ገመድ ያንን ኃይል ወገብሽ ላይ ነው የሚያሳርፈው። ገመዱ ስንት ዓመቱ እንደሆነም ጠይቂ። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነውን፣ አንዴም ባይነካ፣ አልጠቀምበትም። በሚኒባስ ስትጭኑት ከባትሪ አርቁት። የባትሪ አሲድ የነካው ገመድ መልኩ ምንም ሳይመስል ሊበጠስ ይችላል።

ዘጠኝ ሀርነስ አያስፈልጋችሁም። ሁለት ገመድ ከሆነ በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ያሉት አራት ሰዎች ናቸው። አምስት ካገኛችሁ ይበቃል። ግን የተዋሰው ሰው በለበሰ ቁጥር እንደገና ይፈተሽ። ሲታሠር ወጪው የያዡን፣ ያዡ የወጪውን ይፈትሻል፦ የወገቡ ማሠሪያ፣ ስምንት ቁጥር የሚመስለው የስምንት ቋጠሮው፣ የመያዣ መሣሪያው፣ የካራቢነሩ መቆለፊያ፣ የገመዱ ጫፍ። በእጅ እየነኩ ነው እንጂ በዓይን ብቻ አይደለም። ወሬ ሲጀመር ነው ቋጠሮ ግማሽ ላይ የሚቀረው፤ ስለዚህ የሚታሠር ሰው አይናገርም፣ አይነገረውምም።

ሻሽ ወይም ሂጃብ የምታደርጉ እህቶች ጫፉን ልብስ ውስጥ አስገቡት። ጸጉርም ይጠቅለል። መያዣው መሣሪያ ጨርቅና ጸጉር ከገመዱ ጋር ይጎትታል። ቀለበት ይውለቅ፤ ስንጥቅ ውስጥ ተይዞ ጣት ሊነቅል ይችላል። ጥፍር ይቆረጥ። ጀማሪዎቹ ጠበቅ ያለ ሸራ ጫማ አድርገው ቀላሉን መስመር መውጣት ይችላሉ። ነጠላ ጫማ አድርጎ ገመድ የሚይዝ ግን አይኑር።

ልምምድሽን እንዲህ አድርጊው። የስምንት ቋጠሮን በቀን ሃያ ጊዜ እሰሪ፣ ሃያ ጊዜ ፍቺ። በጨለማም ሞክሪው። ከዚያ ስድስቱን ሰብስበሽ ገመድ መያዝ አስተምሪያቸው። መሬት ላይ፣ ጠንካራ ዛፍ ላይ ይበቃል። ፍሬን የሚይዘው እጅ ከገመዱ አይነሳም፤ ግሪግሪ (ሰው ሲወድቅ ገመዱን ራሱ የሚቆልፍ መያዣ) ቢሆንም አይነሳም። በዕለቱ ጀማሪ ሲይዝ ከኋላው ሌላ ሰው ያንኑ ገመድ ይዞ ይቁም። የመጀመሪያው ቢሳሳት ሁለተኛው አለ። ወጪው ከሁለት ሜትር ላይ ተደግፎ ይውረድ፤ ያን ካደረገ በኋላ ወደ ላይ ይቀጥል። ለፈሪ የሚጠቅመው ይህ ነው። ገመዱ እንደያዘው በራሱ ወገብ ያውቀዋል።

ስለ ቀኑ። ታኅሣሥ ጥሩ መርጣችኋል፤ ደረቅ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ሰው ጠዋቱ ይቆረጥማል፣ ቀትሩ ፊት ያቃጥላል። ጋቢም ውሰጂ፣ ባርኔጣም ውሰጂ። ከሁለት ቀን በፊት ዝናብ ከጣለ ቀኑን ለውጡት። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ ይያዝ። የገና ጾም የሚጾም ይኖራልና ቆሎ፣ በሶ፣ ቴምርና ሙዝ ሁሉንም ያስማማል። የመጨረሻው ወጪ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አይነሳም። 12 ሰዓት አካባቢ ይመሻል፤ ዕቃ ለቅሞ፣ ቁልቁለቱን በእግር ወርዶ ሚኒባሱ ጋ ለመድረስ የቀረው ጊዜ አይበዛም። የደከመ እግር የሚንሸራተተው እዚያ ላይ ነው። ሚኒባሱን በኮንትራት ያዙትና ሾፌሩ እስክትመለሱ አይሂድ። ሰው ቢጎዳ አምቡላንሱ እሱ ነው። ቃሬዛ መሥሪያ ሁለት እንጨትና ጋቢ አስቀድማችሁ አስቡ። ጀርባውን ወይም አንገቱን የመታ ሰው ግን ለቃሬዛው ብላችሁ አታገላብጡት፤ የጤና ባለሙያ እስኪመጣ ዝም ብሎ ይተኛ።

ወንድምሽን በተመለከተ። ይምጣ። ግን ከመሄዳችሁ በፊት ለብቻው አድርገሽ አንድ ነገር ንገሪው፦ «በፈለግህ ሰዓት ‹አውርድ› ካልክ ትወርዳለህ፣ ማንም ለምን አይልህም።» ይህን ለቀሩት ሰባትም ንገሪ። የሚፈራን ሰው ከታች ሆኖ «በርታ፣ በርታ፣ ትንሽ ነው የቀረህ!» ማለት ፍቅር ይመስላል። ላይ ላለው ግን በሩን መዝጋት ነው። የደነገጠ ሰው እጁ ይጨብጣል፣ ትንፋሹ ይቆማል፣ ቃላቱን ይረሳል። ሦስት ሜትር ወጥቶ «አውርድ» ካለ ወዲያው ይውረድ። ምሳ በልቶ እንደገና ልሞክር ካለ ይሞክር። ጨርሶ አልወጣም ካለ ደግሞ ገመዱን እንዲያይ አድርጊው። ዳር ይቀመጥና ጫፉ ላይ ያለውን ቋጠሮ ይጠብቅ። ሰው በወረደ ቁጥር ስንት ሜትር እንደቀረ ጮክ ብሎ ይናገር። ያኔ እኔን ያዳነችኝ ልጅም የተቀመጠችው እዚያ ነበር፤ በዚያን ቀን እሷም አልወጣችም።